ፕላስተር የከፈተችው የቤተሰብ አልበም

ፕላስተር የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። የሶፍትዌር ተማሪ ሆና የስልኳንም የላፕቶፗንም ካሜራ በቁስል ፕላስተር ለጥፋ የምትዞር ሌላ ሰው በግቢው አልነበረምና፣ ቅጽል ስሙ ብዙም ሳይቆይ ዋናውን ስሟን ዋጠው። እሷም አልከፋትም። ቤት ድረስ ይዛው ስለገባች እናቷ ሳትቀር «ፕላስተር፣ ነይ እስቲ ይህን መርፌ ክር አስገቢልኝ» ማለት ለመደች።

ፈሪ ናት፤ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። ሌላው ሰው ጅብ ሲፈራ እሷ የምትፈራው «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ ነው። «የእጅ ባትሪ የሚያበራ አፕሊኬሽን የዘመዶቼ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ካልኩሌተሩስ ማይክሮፎን የሚጠይቀኝ ምን ሊሰማ ነው?» እያለች ታክሲ ውስጥ ከራሷ ጋር ስትሟገት ጎኗ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ስለ ጫማ አውርታ የጫማ ማስታወቂያ ከመጣባት ያን ቀን ምግብ አይወርድላትም። አንዴ መምህሯ በተማሪ ሁሉ ፊት፣ «ቆይ፣ አንቺን ማን ብሎ ነው የሚሰልልሽ? ምን አለሽና?» ሲላት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። በሆዷ ግን ምን እንዳላት ታውቅ ነበር።

ያላት ታላቅ እህቷ ነበረች። እህትየው ከባሏ ቤት የወጣችው የጣቱን ምልክት አንገቷ ላይ ይዛ፣ ሚጡ የሚሏትን ትንሽ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው። «የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ» ብሏታል፤ ሰውየው ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ነው። ስለዚህ እናትየው ዕድሜዋን የኖረችበትን ቤት ለቃ፣ የስፌት መኪናዋን አስጭና፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከአንድ ብረት በያጅ አጠገብ ቤት ተከራይታ ከልጆቿ ጋር ገባች። አድራሻውን ለዘመድ እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ያኔ የፕላስተር ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ የሚስቅበት ነገር ነበር። የእህቷ ስልክ ላይ የነበረውን ሁሉ ሙልጭ አድርጋ አጠፋች፣ ሲም ካርዱን ሰባብራ ጣለች፣ ያለችበትን ቦታ የሚናገረውን ሁሉ ዘጋጋች፣ የፌስቡክ ገጿን ዘጋች። ማታ ማታ እህቷ «አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?» ስትላት፣ «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ አንቺን የሚያገኝሽ በጠንቋይ ካልሆነ በቀር የለም» ትላት ነበር። አፏን ሞልታ ነው የምትናገረው።

የእናቷን ስልክ ግን አልነካችውም። ምናልባት ስልክ ስላልመሰላት ይሆናል፤ ከመቀሱና ከሜትሩ ጋር ጠረጴዛው ላይ የሚውል የሥራ ዕቃ ነበር። እናትየው መጋረጃ ሰፊ ናት። አንዱን በጨረሰች ቁጥር መንገድ በሚያሳየው መስኮት ላይ ትሰቅለውና፣ ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን ፎቶ አንስታ ለደንበኛ ትልካለች። በመጋረጃና በመጋረጃ መሃል ደግሞ ሚጡን ታነሳለች። ሚጡ ስትስቅ፣ ሚጡ ስትተኛ፣ ሚጡ ጨርቅ ተከናንባ ሙሽራ ስትሆን። ፎቶ ማንሳት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታዲያ እናትየው ከመኪናዋ ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ሞልቷል እያለ ነዘነዘኝ። እስቲ የማይረባውን አጥፊልኝ» አለቻት።

ፕላስተር ላፕቶፗን ከፍታ በእናቷ አካውንት ገባችና የፎቶ አልበሙን ታጸዳ ጀመር። መጋረጃ፣ መጋረጃ፣ ሚጡ፣ መጋረጃ። ከዚያ የመኪና መሪ መጣ። ቀጥሎ የተበላሸ ጎማ። ቀጥሎ ሁለት ቢራ የተደረደረበት ጠረጴዛ።

«እማዬ፣ ይሄ የማን መኪና ነው?»

«የምን መኪና? እኔ መኪና አላውቅም።»

ፕላስተር የማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ነገር ማየት አላስፈለጋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለች፣ ያኔ ገና ጀማሪ ባለሙያ ሆና በየቤቱ ስልክ በምታስተካክልበት ጊዜ፣ የይለፍ ቃሉን የማይረሳ ዘመድ ጠፋ። ሰለቻትና ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ አካውንት ከፈተች። አንድ የይለፍ ቃል፣ አንድ አልበም፤ ማንም ፎቶ ቢያነሳ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል። የእህቷ ባልም ስልኩን ይዞ መጥቶ፣ «እህት ዓለም፣ እኔንም ጨምሪኝ እንጂ፣ የልጄ ፎቶ እንዳያመልጠኝ» አለ። በደስታ ጨመረችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው ሲስተም ያ አልበም ነበርና ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለታለች። ካሜራ በፕላስተር ስትለጥፍ፣ በራሷ እጅ የቆረጠችውን መስኮት ረሳችው። እናቷ ከዚህ ቤት መስኮት ያነሳችው መጋረጃ ሁሉ፣ ከበስተጀርባው መንገዱና የበያጁ ታፔላ እየታየ፣ ቀጥታ ሰውየው ኪስ ሲገባ ከርሟል።

የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተች። የእነሱ የግቢ በር ነው። ከመንገዱ ማዶ የተነሳ ነው። ከአጥሩ በላይ በሚታየው ገመድ ላይ የሚጡ ቢጫ ሹራብ ተሰጥቷል። እናትየው ያን ሹራብ ያጠበችው ምሳ ከበሉ በኋላ ነው።

ፕላስተር በመስኮቱ አጮልቃ አየች። ሹራቡ አሁንም ውኃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ፣ ሚጡን ይዘሽ ጓዳ ግቢ» አለች። እህቷ ፊቷን አይታ ልጇን ብድግ አድርጋ ገባች። እናትየው በኋላ በር ወጥታ በአጥሩ ላይ በያጁን ጠራችው። እሱም መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ከሠራተኞቹ ጋር መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። ፖሊስ ጣቢያ ተደወለ፤ «መንገድ ላይ ነን» ተባለ።

እህትየው ሚጡን አስተኝታ ስትመለስ አልበሙን አየችው። ያለቅሳል ያሉት ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ቁረጪው! አሁኑኑ አስወጪው ከዚህ!» አለች።

«አልችልም፣ እትዬ። ማለቴ፣ እችላለሁ፤ ግን ከቆረጥኩት እሱ የሚያነሳውን እኛም አናይም። እያየነው መሆኑን አላወቀም። አሁን የት እንዳለ የሚነግረን ይሄ ብቻ ነው።»

እህቷ ወንበር ስባ ጎኗ ተቀመጠች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም። ፕላስተር «ብትቆጣኝ በወደድኩ» ብላ አሰበች። አንዲት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሩቅ አገር ያሉ ትልልቅ ድርጅቶችን ስትጠረጥር ኖራ፣ ጠላት የገባው እሷው በከፈተችው በር ነው፤ እሱም ጨምሪኝ ብሎ፣ አመስግኖ።

አዲስ ፎቶ መጣ። በያጁ በሩ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ ይታያል። ፎቶው ከበፊቱ አቅጣጫ አይደለም፤ ከጥግ ካለው ሱቅ በኩል ነው።

«ሱቁ ጋ ነው» አለች ፕላስተር በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ለፖሊሶቹ ንገሪያቸው፣ ሱቁ ጋ ነው በያቸው።» ፍርሃቷ ሳይለቃት አንዲት ቀጭን ተስፋ ሽው አለችባት። እህቷ ስልኩን ይዛ ቁጥሩን መምታት ጀመረች።

ያኔ ከኋላቸው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

እናትየው ናት። ስልኳን ላፕቶፑ ላይ ደግና ቆማለች። «ለፖሊሶቹ የማሳየው ማስረጃ ይኑረኝ ብዬ ነው» አለች።

«እማዬ! አነሳሽው?»

«አዎ፣ ምነው?»

ፎቶው እዚያው ዓይናቸው ሥር አልበሙ ውስጥ ገባ። የሁለቱ እህትማማቾች ጀርባ፣ በመሃላቸው የበራው ላፕቶፕ፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ሰውየው አሁን ያነሳው በያጅ። ላጥፋው ብላ እጇን ስትሰድ ከላይ አጭር ጽሑፍ ብቅ አለ፦ አንድ ስልክ ከዚህ አካውንት ወጥቷል።

ገጹን ደጋግማ ከፈተችው። ሚጡ፣ መጋረጃ፣ የእነሱ በር፣ በያጁ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ማንም እንዳያያት ስትለጥፍ የኖረችው ልጅ፣ ያ ሰው አንዲት ፎቶ፣ አንዲት ብቻ እንዲያነሳ በልቧ ለመነችው።

እናትየው ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች ናት። «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም፣ እማዬ። አሁን ግን የት እንዳለ አናውቅም።»