አረፋው እስኪጠፋ

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ነው። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ብዙ አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ በኦፕራሲዮን ስለ ወለደች ጎንበስ ማለት አትችልም፤ ባልዲ ማንሳትማ አይታሰብም። ልታርሳት ከእንጦጦ የወረደችው እናቴ ደግሞ ገንፎ በማገንፋት፣ ሕፃን በማጠብ የሚስተካከላት የለም እንጂ፣ እጇን ቁርጥማት ስለያዛት ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም። እንግዲህ የሽንት ጨርቁን የሚያጥብ ማን ቀረ? እኔ።

ያን ጊዜ አንድ ወንድ የሽንት ጨርቅ ሲያጥብ መታየት ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግረኛል። ራሴን ዘመናዊ ነኝ የምል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ስለ ሴቶች እኩልነት እንዳስረዳ ተመድቤ፣ ጓዶች እስኪያጨበጭቡልኝ ድረስ ተናግሬያለሁ። የዚያኑ ዕለት ቤት ስደርስ እናቴ ጨርቅ የሞላ ባልዲ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ጎረቤት ሳያይብኝ አፈፍ አድርጌ አልጋ ሥር ወሸቅኩት። ምላሴ ሌላ፣ እጄ ሌላ።

የቦኖው ውሃ ለመጠጥም ስለማይዳረስ ልብስ የሚታጠበው ቀበና ወንዝ ነው። ወንዙ ደግሞ የሴቶች ነው። ረፋዱ ላይ ድንጋይ ድንጋዩን ይዘው ሲያጥቡ ወሬያቸውም ሳቃቸውም እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባልዲዬን በአሮጌ ካፖርት ሸፍኜ እወርድ ነበር። ለተመለከተኝ ሰው የሆነ ነገር ሰርቆ የሚሸሽ ነው የምመስለው።

ሳሙናው ያለቀው ልጅቷ ወር ሳይሞላት ነው። እናቴ አልደነገጠችም። ከሰፈሯ ያመጣችውን የተወቀጠ እንዶድ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።

«አንተንም ያሳደግንህ በዚህ አጥበን ነው» አለችኝ። «ብቻ አደራ፣ እንዶድ ኃይለኛ ነው። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቀው። ፀሐይም በደንብ ይምታው።»

የእንዶድ አረፋ ግን ማለቂያ የለውም። ታለቀልቃለህ፣ ነጭ ነው። ደግመህ ታለቀልቃለህ፣ አሁንም ነጭ ነው። እጄ በብርድ ደንዝዞ ገና ውሃው ሳይጠራ ከዳገቱ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ድምፅ ይሰማል። እኔም ጨርቁን እንዳለ ጨምቄ፣ ካፖርቴን ደርቤበት፣ በሌላኛው መንገድ እወጣለሁ።

ማስጫውም ሌላ ጣጣ ነበር። ግቢው መሀል ሁላችንም የምንጠቀምበት ሽቦ ተወጥሯል። እዚያ ላይ ባሰጣው ማን እንዳጠበው መጠየቁ አይቀርም፤ ባለቤቴ አልጋ ላይ መሆኗን፣ የእናቴንም እጅ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ ሲባጎ ወጥሬ ከጨለማው ውስጥ አንጠለጠልኩት። እናቴ ምነው ስትለኝ ውጪ አቧራና ዝንብ አለ፣ ለሕፃን ጤና ጥሩ አይደለም አልኳት። ምስኪን፣ የተማረ ልጇ ስለ ጤና ሲናገር ታምነዋለች።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ ጭኖች መሀል ቀላ። ከዚያ ቅላቱ ወደ መቀመጫዋ ተስፋፋ፣ ቆዳዋም ይላጥ ጀመር። ሽንቷን ስትሸና የምታሰማው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴ ያላደረገችው ነገር የለም። ልጅቷ ገና ከመርጠቧ ትቀይርላታለች። ለብ ባለ ውሃ አጥባ፣ ሳትፈትግ በለስላሳ ነጠላ ነካ ነካ አድርጋ ታደርቃታለች። ጠዋት ጠዋት ነፋስ በማይገባበት ጥግ ጭኗ ላይ ደፍታ፣ ራቁቷን ፀሐይ ታሞቃታለች፤ ለጋ ቅቤም ትቀባታለች። ይህን ሁሉ አድርጋ ስታበቃ ደረቅ ጨርቅ ታነሣና ትጠቀልላታለች። እኔ ያጠብኩትን ጨርቅ።

ሁሉን ሞክራ አልሆን ሲላት እናቴ ዓይኗን የባለቤቴ ምግብ ላይ ጣለች።

«ልጄ፣ የምትበይው በርበሬ ነው» አለቻት። «በወተትሽ አልፎ እየወረደ ያቃጥላታል።»

ባለቤቴ የዚያኑ ቀን ቀይ ወጥ ተወች። ቅላቱ ግን አልቀነሰም። አልጫውንም ሽንኩርት አለው ብላ ተወችው። በመጨረሻ የምትበላው ደረቅ ቂጣና አጥሚት ብቻ ሆነ። ገና ቁስሏ ያልጠገገ፣ ደም ያነሳት አራስ፣ ለሚያጠባ ሰው በማይበቃ ምግብ ስትከሳ በዓይኔ እያየሁ ነው። የጎረቤት ወጥ ሲቁላላ ሽታው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።

አላወቅሁም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ጨርቁ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይገተራል። ከሲባጎው ሳወርደው መዳፌን ይከረክረኛል። እናቴ ፀሐይ ስላላየ ነው ብላ አልፋዋለች። «ይሄ ነገር…» እልና ሐሳቤን ሳልጨርሰው እተወዋለሁ። ብጨርሰው ጨርቁ ወደ ግቢው ሽቦ፣ እኔም ወደ ወንዙ ሴቶች መሀል መውጣታችን ነዋ። የልጄን ቆዳና የሚስቴን ሆድ ከጎረቤት ሳቅ ጋር መዝኜ ሳቁ ከበደኝ። ዛሬ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ እያለቀሰች ስታረፍድ እናቴ ቁርጡን ተናገረች።

«ከነገ ወዲያ ጡቱ ይቅር። የቆርቆሮ ወተት ፈልጉና በዚያ ትደግ።»

ባለቤቴ ትከራከራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ከጎዳኋት ይቅር» ብቻ አለች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ልጅቷን እንኳ ሳታይ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ልጇን መርዝ እያጠባች ያለች መስሏታል። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይዞሽ እላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ምን ብዬ ነው አይዞሽ የምላት?

በማግሥቱ እሑድ ጠበል ላምጣ ብዬ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። የመሥሪያ ቤት ሰው ቢያየኝ ጓድ ጠበል ጀመረ ይባላል ብዬ ጄሪካኗን በጋዜጣ ጠቅልያለሁ። የለበስኩት ነጭ ሸሚዝ ከጨርቆቹ ጋር አብሬ ያጠብኩት ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ላብ ሲያጠምቀኝ አንገቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ጉንዳን የገባብኝ መስሎኝ ኮሌታዬን አራገፍኩ። ምንም የለም። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ባሰብኝ፤ ጠበሉ ጋ ስደርስ አንገቴን ዙሪያውን የሚልጡኝ መሰለኝ።

ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት አንገቴንና ኮሌታዬን በውሃው ማርጠብ ነው። ከጎኔ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ጠበል ላይ በሳሙና አይታጠቡም» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሳሙና አልያዝኩም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከኮሌታዬ ነጭ አረፋ ደረቴ ላይ ይወርዳል። አሸሁት፤ ጨመረ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እመቤቴን ምሕረት ልለምናት ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁበት ነገር አንገቴ ላይ ነበር። እኔ ትልቁ ሰውዬ ባንድ ዳገት ላብ እንዲህ ከተቃጠልኩ፣ ያቺ እፍኝ የማትሞላ ልጅ በሽንት እየራሰች ያን ጨርቅ ሌት ተቀን ታጥቃ እንዴት እንደሰነበተች አሰብኩ። ጄሪካኗን ሞልቼ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት።

ቤት ስገባ ሳልቀመጥ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ወንዙን፣ አረፋውን፣ ጓዳውን፣ ዝንቡን። እናቴ ጭኗን መታች።

«አንተ ልጅ! አረፋው እስኪጠፋ አላልኩህም? ዝንብ! ዝንብ ብለህ እኔን!»

ይገባኝ ነበር፤ ቢቀጥልም በወደድኩ። ባለቤቴ ግን አልተቆጣችም። የተናገርኩትን ሁሉ የሰማችው እንኳ አልመሰለኝም። ከአልጋው ቀና ብላ፣

«ወተቴ ምንም አልሆነም ማለት ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልሆነም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ልጅቷን ከእናቴ እጅ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ ወጥ ካለ ይስጡኝ» አለች። በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በሌላው እየጠቀለለች ስትበላ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ።

የወጣሁት ባልዲውን ይዤ ነው። ቀትር ላይ፣ ካፖርት ሳልደርብ፣ ያለንን ጨርቅ በሙሉ ይዤ ቀበና ወረድኩ። እንደፈራሁት ሳቁ።

«እንዴ፣ ጓድ! ሚስትህ የት ሄደች?» አለችኝ አንዷ።

«አራስ ናት» አልኩ።

«የእኔው ጉድ መጥቶ ይሄን ባየ!» አለች ሌላዋ፣ እርጥብ እጇን እያራገፈች። ከዚያ ወዲያ ጠጋ ብለው ድንጋይ ለቀቁልኝና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት ነገር ይኸው ነበር። ውሃው ጥርት እስኪል አለቀለቅሁ፤ ግቢው ሽቦ ላይም ጎረቤት ሁሉ እያየ አሰጣሁት። ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደለሰለሰ!

ልጅቷ ቶሎ ዳነች፤ አዲስ ቆዳ አወጣች። ባለቤቴም አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንስታ አልወቀሰችኝም። ብቻ በርበሬ ያለበት ምግብ የበላች እንደሆነ፣ ልጅቷ አልቅሳ ጡት ስትፈልግ፣ ቶሎ አትሰጣትም። መጀመሪያ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። አታስበውም፤ ለምዶባት ነው።

«አጥቢያት» እላታለሁ።

ያኔ ታጠባታለች። ልጅቷ ጡት እስክትጥል ድረስ እንዲሁ ስታየኝ፣ እኔም ስፈቅድላት ኖርን።