ባለ ሰባት ክሩ ጊታር

ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ጊዜ፣ በስልክ የሚጠራ መኪና ሳይመጣ፣ ታክሲ ገና ታክሲ ሳለ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ባንድ አቋቋመች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሚጫወቱት ሙዚቃ ከባድ ነው፤ ከበሮው ደረት ይመታል፣ የጊታሩ ድምፅ መሬት ለመሬት ይጎተታል። መጀመሪያ ያሳሰበኝ ጆሮዋ ነው። ከዚያ ጎረቤት። ከዚያ ዕቃውን ጭነው በማታ የሚመለሱበት መንገድ። ጊታሩ ራሱ ያሳስበኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጊታሯ እንደ ማንኛውም ጊታር ስድስት ክር ነበረው። ባንዱ ደግሞ ዘፈኖቹን የሚጫወተው በጣም ዝቅ ባለ ቅኝት ነው። እዚያ ድረስ ለመውረድ ወፍራሙን ክር ስታላላው ይረግብና እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል። ጠንከር አድርጋ ከመታችው ድምፁ ከቅኝቱ ይሸሻል፣ ከሥሩ ካሉት ብረቶች ጋርም ይንጫጫል።

አንድ ቀን ከልምምድ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከበሮ የምትመታው ልጅ፣ የባንዱ አለቃ ማለት ናት፣ እዚያው አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ላለባቸው ዝግጅት የጊታሩን ነገር ካላስተካከለች ሌላ ጊታር ተጫዋች እንደሚፈልጉ ነግራታለች።

«ተቆጣችሽ?» አልኳት።

«አልተቆጣችም። ሶሪ እያለች ነው የነገረችኝ።»

ከቁጣ የባሰ መሆኑ ገባኝ። ልጄ ጓደኛ የምታበዛ ልጅ አልነበረችም። ከዚያ ባንድ በፊት ምሳዋን የምትበላው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዋን እንደነበር የሰማሁት ከአስተማሪዋ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊታር እንገዛለን አልኩ።

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። ፎልስ ቸርች ከተማ ወዳለ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ወሰደንና መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ አለ። ሻጩ ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ ክንዱ በሙሉ ንቅሳት የሆነ ወጣት ነበር። ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብ አደረግሁ። እሱ ግን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ፤ ቀስ ብሎም አስረዳኝ። ወደ ታች ለመውረድ የሚረዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ክር መጨመር ነው፤ ከስድስቱ በታች ሌላ ወፍራም ክር ይገባል። ሁለተኛው አንገቱን ማስረዘም ነው፤ አንገቱ ሲረዝም ያ ወፍራም ክር ዝቅ ብሎም እንደተወጠረ ይቆያል። ከዚያ ሦስት ጊታሮች አወረደልን። አንዱ ባለ ሰባት ክር ሆኖ አንገቱ እንደ ተለመደው ነው፤ ሁለተኛው ሰባት ክርና ረጅም አንገት አለው፤ ሦስተኛው ባለ ስምንት ነው።

እኔ ወዲያው ስምንቱን አልኩ። እኛ ለልጅ ጫማ ስንገዛ ጣታችንን ከተረከዟ ኋላ ከተን እናያለን፤ ጣት ካልገባ ጠቧል ብለን ትልቁን እንጠይቃለን። ካፖርቷንም፣ የትምህርት ቤት ሱሪዋንም የገዛሁት እንደዚያ ነው።

«ስምንቱን ያዢ፣ ታድጊበታለሽ» አልኳት።

«ማሚ፣ ጊታር እኮ ጫማ አይደለም።»

ቢሆንም ለእኔ ብላ ያዘችው። አንገቱ የሽንኩርት መክተፊያ ያህላል። መጫወት ስትጀምር ድምፁን መስማት ትቼ እጇን አየሁ። ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ሰው ደግፎ ማንሳት የእጅ አንጓን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። አንጓዋ ተቆልምሞ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቶ ነበር። ትንሽ ቆይታ፣ የማላያት መስሏት፣ እጇን ከጀርባዋ አራገፈች።

«አስቀምጪው» አልኳት። ሁለተኛ ስለ ስምንቱ አላነሳሁም።

ሁለቱ ባለ ሰባቶች ቀሩ። አንገተ አጭሩ ደማቅ ቀይ ነው፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። ረጅሙ አመድማ ነው፤ የሚያምር ነገር የለውም። ሁለቱንም ባንዱ በሚጠቀምበት ቅኝት አውርዳ ሞከረቻቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው አለች። ሻጩም ሁለቱም ጥሩ ናቸው አለ። ይሄኔ ነው እኔ የፈራሁት። ሁሉም ጥሩ ነው በተባለበት ቦታ ገዝቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንደተቃኙ ተቀምጠው ይቆዩን፣ ምሳ በልተን እንመለሳለን አልኩት። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያገለገለ መኪና ስንገዛ እኮ አስነስተን፣ አጥፍተን፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እናስነሳለን አልኳት። ሻጩ ሳቀና ከማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳልሰማ ነገረኝ፤ ግን ለሁለቱም ቦታ ሰጣቸው።

መኪና ውስጥ ከቤት የያዝኩትን ሳንድዊች በላን። ባለቤቴ «ይሄን መኪና እንኳን እንዲህ አልመረጥነውም» አለ።

«ለዚህ አይደል ከጋራዥ የማይወጣው» አልኩት። እሱም ሳንድዊቹን ጎረሰ።

ስንመለስ የሁለቱም ቅኝት እንደነበረ ነው፤ ልጄ ቀዩን አነሳች። ስትጫወት ሳያት አንድ ነገር ገባኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው ስላለ አፍራ ክሩን እየዳበሰችው ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው እጇ ይሄ አይደለም።

«እንደ ልምምዱ ምቺው» አልኳት።

«ሰው ያየናል።»

«ይየን። አሌክሳንድሪያም ሊያይሽ አይደል የሚመጣው? ምቺው።»

ሻጩ ድምፁን ከፍ አደረገላት። መታችው። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። የቀዩ ወፍራም ክር ተወዛወዘ፤ ቅኝቱን የምታሳየው ትንሽ መሣሪያ ላይ ያለው ቀስት ወዲያና ወዲህ ዋለለ። እኔም ሰማሁት፤ ድምፁ ሰክሮ እንደሚሄድ ሰው ነበር። ከዚያ አመድማውን አነሳች። እዚህ ላይ ማፈሩን ረሳችው፤ እግሯን ከፍታ ቆማ በሙሉ ክንዷ መታችው። ቀስቱ ቦታውን አልለቀቀም። ደግማ መታችው፤ ያው ነው። ሻጩ ጢሙን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን እንደ መልስ ቆጥሬ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

የዝግጅቱ ቀን አሌክሳንድሪያ አዳራሹ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ኋላ ተቀመጥን፤ የሁለታችንም ጆሮ በጥጥ ተደፍኗል። ዙሪያችን ጥቁር የለበሱ ልጆች ናቸው። ከመጀመሪያው ዘፈን የሰማሁት ነገር ቢኖር የራሴን የልብ ትርታ ነው። የመጨረሻው ዘፈን መጨረሻ ላይ ግን ከበሮው ቆመ፣ ዘፋኟም ቆመች፣ የልጄ ወፍራም ክር ብቻ ቀረ። ጥጡን አወጣሁ። ድምፁ ከወለሉ ተነስቶ በወንበሩ በኩል ጀርባዬ ውስጥ ገባ። አልተንቀጠቀጠም፣ አልሸሸም። እንደ ቆመ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ አዳራሹ በጩኸት ፈረሰ። ከበሮ መቺዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ በከበሮ ዱላዋ ወደ ልጄ ጠቆመች፤ ሰው ሁሉ ለእሷ ጮኸ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሲያፏጭ አየሁት። እኔም እልል አልኩ፤ ያን ጊዜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እልልታ ያልጠበቀ ብዙ ሰው ነበር።

በኋላ ከበሮ መቺዋ ወደ እኔ መጣች። የሚቀጥለው ዝግጅት ባልቲሞር ነው፣ ያለ እሷ አንሄድም፣ ትፈቅጂላታለሽ ወይ አለችኝ። ማን እንደሚነዳ ጠየቅኋት። መኪናው ለሁሉም ቀበቶ እንዳለው፣ የት እንደሚበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጠየቅኋት። ልጅቷ አንድ በአንድ መለሰች።

«ይቅርታ፣ እናቴ እንዲህ ናት» አለች ልጄ ለጓደኞቿ፤ ቀጥላም «ጊታሩን የመረጠችው እሷ ናት» አለቻቸው።

ባለቤቴ በሩ ጋ ቆሞ ቁልፉን ያቃጭላል። እኔ ስለ ልጆቹ መኪና ጎማ ጠየቅሁና፣ መልሱን ሰምቼ፣ ፈቀድኩ።