ለሩጫ ጓደኛዬ ሳልነግራት የቀረሁት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ነው የቆምኩት። ጋሼ ምናሉ ሦስት ጊዜ ተነሽና ተናገሪ ብለውኝ ሦስቴም ሰበብ ፈጥሬ ቀርቻለሁ። ሰው ሲመሰክር የተደረገለትን ነው የሚያወራው፤ የእኔ ግን ያደረግሁት ይበዛል። ቢሆንም ጌታ ታግሶኛልና ከዚህ በላይ ዝም ልል አልችልም። ስሙ ይባረክ።

ብዙዎቻችሁ እዚሁ እንጅባራ በመሥሪያ ቤት ታውቁኛላችሁ፤ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሩጫ የጀመርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሰውነቴ ከብዶ ደረጃ ስወጣ አለከልክ ነበር። አንድ ቀን የቢሮ ወንዶች በአረማመዴ ሲሳሳቁ ሰማሁ። በማግሥቱ የባለቤቴን ቱታ ለብሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ሰዎች አገኘሁ፤ አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ባለሱቅ፣ ከኋላ ቀስ እያሉ የሚመጡት ጡረተኛው ሹፌር ጋሼ ምናሉ። በጥሊሊ አስፋልት እስከ ዘንገና መታጠፊያ ሄደን እንመለሳለን። ጉም ሲሆን የፊተኛው ሰው አይታይም፣ ኮቴው ብቻ ይሰማል። ፌስቡክ ላይም ቡድን ነበረን። የዳንግላና የጫግኒ ሯጮችም ገብተውበት የሮጥነውን ኪሎ ሜትር፣ ያመመንን ጉልበት፣ ሁሉን እዚያ እንጽፍ ነበር።

ከእነዚህ ሯጮች አንዷን ጥሩዬ ልበላችሁ። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከአዲስ ቅዳም ገጠር መጥታ አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። እናቷ ከሰል አክስለው የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ጥሩዬም ከልጅነቷ ከሰል ተሸክማ ገበያ የወጣች ናት። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነበር እንጂ የልቧን የምታወራው በአዊኛ ነው። እኔ ከእናቴ የወረስኩት አዊኛ ስላለኝ ወደ እኔ ተጠጋች። እታለም ነበር የምትለኝ። ልትቀድመኝ ትችል ነበር፤ ግን ከአጠገቤ አትለይም።

በዚያ ዓመት ዳንግላ ላይ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ተዘጋጀ። ሴቶች ጥንድ ሆነው ነው የሚመዘገቡት። የሁለቱ ሰዓት ይደመራል፤ አንዷ ካቋረጠች የሌላዋም አይያዝም። ያሸነፈው ጥንድ ደግሞ ባሕር ዳር ሄዶ ይሮጣል። እኔና ጥሩዬ ተመዘገብን። ከዚያ ወዲያ ስተኛም ስነሳም የማስበው ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ እነዚያ የቢሮ ሰዎችም ሲሰሙ ነው።

ሁለት ሳምንት ሲቀረን ጥሩዬ ዳገት ላይ መቆም ጀመረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትቆያለች። ጋደም ስል ትንፋሼ ያጥረኛል አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አዊኛ አይችልም፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ነው የሚናገረው። ጀርባዋንና ደረቷን ብዙ ጊዜ ወስዶ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ልቧ ላይ ጥሩ ያልሆነ ድምፅ እንደሚሰማ፣ ምናልባት ልጅ ሆና ከታመመችው የጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ በር ችግር ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ባሕር ዳር ሄዳ እንድትታይ ሪፈር ጻፈ።

"እስክትታይ ድረስ እንዳትሮጥ። በደንብ አስረጂያት" አለኝ።

ጥሩዬ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "ምን አለ እታለም?"

ወገኖቼ፣ ያቺን ደቂቃ ብትመለስልኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንደለመንኩ እግዚአብሔር ያውቃል። በአዊኛ፣ ያውም በእናቴ ቋንቋ፣ ደም ማነስ ነው ብሎሻል አልኳት። ጥቂት ቀን ዕረፊ፣ እንቁላልም ብዪ፣ ከዚያ መሮጥ ትችያለሽ ብሏል አልኳት። ሪፈሩን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከውድድሩ በኋላ እወስዳታለሁ፣ ሁለት ሳምንት ምን ያመጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሷ እግዜር ይስጥልኝ ብላ እጄን ሳመችኝ።

የውድድሩ ቀን እስከ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ሁለተኛ ነበርን። ስምንተኛው ላይ ደረቴ አለችኝ። ከንፈሯ ቀለሙ ተለውጧል፤ አይቻለሁ፣ አላየሁም አልልም። ሁለት ኪሎ ነው የቀረው፣ ያዢኝ አልኩና እጇን ይዤ ጎተትኳት። መጨረሻው ከሚታይበት ስንደርስ እጇ ከእጄ ወጣ። ዞር ስል አስፋልቱ ላይ ወድቃለች። አሁንም እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያየሁት እሷን አልነበረም። የመጨረሻውን መስመር ነው።

ጌታ ግን በሕይወት አተረፋት። ምስጋና ለእርሱ ይሁን።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ወንድሟ መጣ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሐኪሟ ከመረመረቻት በኋላ ልቧ በጣም መጎዳቱን፣ ከእንግዲህ መሮጥ ቀርቶ ውኃ መቅዳትም እንደሚከብዳት ነገረችን። ከዚህ በፊት ታይታ እንደሆነም ጠየቀች። ወንድሟ ወደ እኔ አመለከተና እሷ ወስዳት ነበር፣ ደም ማነስ ነው አሏት አለ። ሐኪሟ አየችኝ።

"ደም ማነስ ብቻ ነው የተባለው?"

"አዎ" አልኩ። ሪፈሩ ብብቴ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ያን ዕለት ቡድናችን ላይ ትንሽ ድካም ነው፣ በቅርቡ ትመለሳለች ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው አይዞሽ አለኝ። አይዞሽ የተባልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ጥሩዬ ሥራዋን ትታ እናቷ ዘንድ ገባች። እኔ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሩጫዬን ልቀጥል ሞከርኩ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ ትንፋሼ ጥርቅም ብሎ ያቆመኛል። በማግሥቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ተመረመርኩ። ሐኪሙ ሳንባሽም ልብሽም ጤነኛ ነው፣ ደስ ይበልሽ አለኝ። ከዚያ ክፍል ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ጋሼ ምናሉ ሩጫ ማቆሜን አይተው ወደዚህ ኅብረት ጋበዙኝ። በጥር ወር ነበር። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቃሉን ሰማሁ፣ ጌታን ተቀበልኩ፤ ያ እውነት ነው፣ አልክደውም። እናንተም ለትንፋሼ እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁልኝ። እጃችሁ በከበደኝ ጊዜ አልቻልኩም፣ ውጪ ወጥቼ ለጋሼ ምናሉ ሁሉን ተናዘዝኩ። እሳቸው አልተቆጡም፣ አላባበሉኝም።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰምቶሻል" አሉ። "እሷ ግን አልሰማችም።"

እሺ፣ እሄዳለሁ አልኳቸው። አልሄድኩም። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ አለፈ። እዚህ እየመጣሁ እዘምራለሁ፣ ሃሌሉያ እላለሁ፣ አዲስ ቅዳም ግን በሚኒባስ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አልሄድኩም። ግንቦት ላይ የጥሩዬ እናት ማረፋቸውን ሰማሁ። ሪፈሩን ይዤ የተነሳሁት ያኔ ነው።

ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። እግሯ አብጧል። ከአጠገቧ ተቀምጬ በአዊኛ ነገርኳት፤ ያሳሳትኳት በአዊኛ ነውና። ወረቀቱን ሰጠኋት። ገልጣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

"ሐኪሙ ሩጪ አላለም?"

"አላለም።"

"ቢነገረኝም ሮጬ ይሆናል እታለም" አለችኝ። "ግን የምመርጠው እኔ ነበርኩ።"

ከዚያ የእናቷን ነገር አነሳች። እናቷ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ልጄን በልጅነቷ ከሰል ያሸከምኳት እኔ ነኝ፣ ልቧን የሰበርኩት እኔ ነኝ እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ነበር አለች። ያን ተሸክመው ነው የሞቱት። በጥር ብሄድ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር፤ የካቲትም ብሄድ ይሰሙኝ ነበር። ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰው አሁን የለም። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ አምናለሁ፤ እሳቸው ግን ሳይሰሙ ሄደዋል።

ጥሩዬ የዚያን ቀን ሂጂልኝ አለች። ሄድኩ። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ዳገት ላይ ስደርስ ትንፋሼ ክፍት ብሎ ሲገባና ሲወጣ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሮኝ አያውቅም። ጌታ ይባረክ። ግን የእኔ ተመልሶ የእሷ አለመመለሱን ሳስብ፣ እያመሰገንኩም አንገቴን እደፋለሁ።

ከወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። በሦስተኛው ጊዜ ግቢ አለችኝ። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ "ልልሽ እየሞከርኩ ነው" ነው ያለችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቃሏ ያ ነው። በየወሩ ለልቧ የታዘዘላትን መርፌ ስትወጋ አብሬያት ሄጄ ደጅ እቀመጣለሁ፤ ሐኪሙ ጋ ይዛ የምትገባው ወንድሟን ነው። ትክክል ናት። ለቀዶ ሕክምናም ተራ ተመዝግባለች፤ ስለዚህ ጸልዩላት፣ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ጸልዩ።

ወገኖቼ፣ ጌታ ኃጢአቴን ሳይንቅ ተቀብሎኛል፣ አመሰግነዋለሁ። እናንተም እመኑት፤ የተናዘዘን ሰው አይጥልም። ግን እንደ እኔ ለእርሱ ብቻ ተናግራችሁ አትቀመጡ። አንዳችሁ ቤት የተደበቀ ቃል ካለ፣ የሚሰማው ሰውም ገና በሕይወት ካለ፣ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት አትሂዱ። ቀኑ ገና ነው፣ ሚኒባስም አይጠፋም። ብትፈሩም ሂዱ፤ እኔም እየፈራሁ ነው የሄድኩት፣ ጌታም ከአጠገቤ አልተለየም።