የሀጂ ዘይኑ ፎቅ ደወል

ሙህዲን ከሚሴ ተወልዶ ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ የተማረ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሰው ግን ቶሎ የሚሰለቸው ሰው ነው። በዚያ ሳምንት መሰልቸቱ አይፈረድበትም። እዚያው ከሚሴ የሀጂ ዘይኑን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የእሳት መከላከያ አስማምቶ እንዲያሠራ ተቀጥሮ፣ ሁሉም “የኔ ይሠራል” እያለ አንጀቱን አሳረረው። ደወሉን የገጠመው ደወሉ ይጮሃል ይላል። የሊፍቱ ባለሙያ ደወሉ ሲጮህ ሊፍቱ ምድር ወርዶ፣ በሩን ከፍቶ እዚያው ይቆማል ይላል። የፓምፑ ሰውዬ ውሃው እስከ ጣሪያ ይወጣል ብሎ ይምላል። እውነታቸውን ነው፤ ለየብቻው ሲሞከር ሁሉም ይሠራል። እሳት ግን ተራ ጠብቆ አይመጣም።

አንድ ላይ ሲሞከር ጉድ ፈላ። መጀመሪያ ደወሉ ጮኸ፣ መብራቱም እንደታሰበው ተቋረጠ፤ ጄኔሬተሩ ግን አልነሳ አለ፣ ሊፍቱም በሁለት ፎቅ መሃል ተሰንቅሮ ቀረ። በማግስቱ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ሊፍቱ ወረደ፣ ፓምፑ ዝም አለ። ለካ የፓምፑን ሽቦ የቀጠሉት ደወሉ ከሚያቋርጠው መስመር ላይ ኖሯል። እሳት ሲነሳ ቀድሞ ውሃውን የሚያጠፋ ሕንፃ ሠርተው አረፉት። ሙህዲን ሦስቱንም ሰብስቦ ሲቆጣ፣ ሦስቱም ጥፋቱ የነሱ እንዳልሆነ አስረዱት። ሀጂ ዘይኑ ደግሞ እየተመላለሱ፣ ኢንሻአላህ መቼ ነው የሚያልቀው ይሉታል።

እንዲህ የሚንገበገበው ለሀጂ ዘይኑ ብሎ አልነበረም። ታላቅ እህቱ መሊካ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ የምትሄደውም በምርኩዝ ነው። መንገድ ዳር የነበረችበትን ደህና ሱቅ ያስለቀቃት እሱ ነው፣ ሊፍት አለ፣ ደረጃ አትነኪም ብሎ። የእሳት ተቆጣጣሪው ፈተና ካልታለፈ ሕንፃው ይዘጋል፣ እሷም ሜዳ ላይ ትቀራለች።

ተቆጣጣሪው ከደሴ የመጣው በገበያ ቀን ነበር። ሙህዲን ተከራዮቹን ቀድሞ አስጠንቅቋል፤ ደወሉን ስትሰሙ በደረጃ ውረዱ ብሏቸዋል። ከዚያ ቁልፉን ተጫነ። ደወሉ ጮኸ፣ መብራት ተቋረጠ፣ ጄኔሬተሩ አጓራ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ የአደጋ ጊዜ በሮቹ ተከፈቱ፣ ሊፍቱም ምድር ወርዶ ቆመ። አልሃምዱሊላህ ሊል አፉን ሲከፍት፣ መንገድ ላይ አንዲት ሴት “ኢቢዳ! እሳት ነው!” ብላ ጮኸች።

እንግዲህ ከሚሴ ላይ ኡኡታ የሰማ ሰው አይሸሽም፤ ወደ ጮኸበት ይሮጣል እንጂ። ሽንኩርት ሻጩ ሽንኩርቱን ጥሎ፣ ፍየል ነጂው ፍየሎቹን በትኖ መጣ። ጀሪካን ያንጠለጠለ፣ አካፋ የያዘ፣ ባዶ እጁን የመጣ፣ ሁሉም በተከፈቱት በሮች ገባ። የሚወርደው ተከራይና የሚወጣው ረጂ ደረጃው ላይ ተፋጠጡ። ሙህዲን ሙከራ ነው፣ ውጡ እያለ ቢለፈልፍ ማን ሰምቶት። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ፣ “ማሎ፣ እባክህ፣ ሰው እየነደደ አንተ በር ላይ ትገተራለህ?” ብለው ገፍተውት አለፉ። በንዴት እንባው መጣ። ያን ሁሉ ሽቦ አስማምቶ ሰው ገደል ከተተበት። ተቆጣጣሪው ግድግዳ ተጠግቶ ያያል።

ደወሉ ጠፍቶ ሰዉ እየሳቀም እየተራገመም ወረደ። ከሁሉም ኋላ መሊካ መጣች፤ የማያውቃቸው ሁለት የገበያ ጎረምሶች በእጃቸው አቀፍ አድርገው ይዘዋት፣ ምርኩዟን ሌላው ተሸክሞላት። ሙህዲን ሮጦ ተቀበላትና ንዴቱን ዘረገፈላት፤ እነዚህ ሰዎች ባያበላሹት ኖሮ ዛሬ ሁሉም ነገር ሠርቶ ነበር አላት።

መሊካ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሊፍቱ ባዶውን፣ በሩን ከፍቶ እዚያው ቆሟል። እሷም አየችው።

“አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው ነበር፣ አልመጣም” አለችው። “እነሱ ባይመጡ፣ ወንድሜ፣ እኔን በምን ልታወርደኝ ኖሯል?”

ሙህዲን ሊፍቱን አየ፣ ደረጃውን አየ። ያን ሁሉ ቀን ሲለፋ ይህችን አንዲት ነገር አላሰባትም ነበር።