የኔታ ወርቅነህ «ልክ ነህ» ያሉኝ ቀን

ትናንት ረፋዱ ላይ ከጉና በኩል የወረደ አንድ ገበሬ ስልኩን ሊያሠራ ወደ ሱቄ ሲገባ፣ በትከሻው ጣል ያደረገውን አጎዛ መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ኖሮ ሽታው ጠባቧን ክፍል ሞላት፤ እኔም ስልኩ ምን እንደሆነ መጠየቁ ጠፋኝ። የኔታ ወርቅነህ ቤት እንዲህ ይሸት ነበር።

ቤታቸው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ነበር። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ በአንድ የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛ ላቲንና የመካከለኛውን ዘመን የካቶሊክ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። ትምህርቱ ፈላጊ አጥቶ ሲታጠፍ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። ደብረ ታቦር ግን ላቲን ምን ያደርግላታል? ቀሳውስቱ ሃይማኖታቸውን አለመለወጣቸውን እስኪያረጋግጡ ድረስ ራቅ ብለው ሰላም ይሏቸው ነበር። ተማሪ ሆኜ የሄድሁት፣ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ቤት የዋልሁት፣ ከሰው ጋር ማውራት የሚከብደኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

አስተማሪነታቸው እንደ ቅኔ ቤቱ ነበር። ከደጃቸው ወይራ ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው የላቲኑን ግስ በቃል ይነግሩኛል፤ እኔም በዜማ እየሳብሁ እመልስላቸዋለሁ። ከአጥሩ ማዶ የሚሰሙን ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ድግምት መስሏቸው ኖሮ፣ አንድ ክረምት ድንቻቸው ሊያብብ ሲል ሰማዩ ቢጠቁር እየሮጡ መጡ።

«የኔታ፣ እባክዎ ያችን የፈረንጅ ቃል ይበሉልኝና በረዶው ወደ ማዶ ይለፍልኝ!»

«እሜቴ፣ ዕድሜ ልኬን ደገምኋት፤ ተማሪ እንኳ አላስቀረችልኝ፤ በረዶ ታስቀራለች?»

በረዶው ግን የዚያን ቀን ወደ ማዶ አለፈ፤ በማግሥቱ እማማ ጥሩ እንቁላል ይዘው መጡ፤ የኔታም ምንም ቢሉ የሚያምናቸው አጡ።

ግሱ ሲያልቅ ወደ ፍልስፍናው ገባን። የድሮዎቹ የካቶሊክ ሊቃውንት ጥያቄ ሲያነሡ መጀመሪያ የተቃዋሚውን ክርክር ያስቀምጣሉ፤ መልሳቸው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኔታ ደግሞ የራሳቸውን ሕግ ጨምረውበታል፤ ተቃውሞውን ልክ እንደ ባለቤቱ አምኜበት በቃሌ እስካልወረድሁት ድረስ መልሱን አይነግሩኝም። እስከዚያው የማገኘው «ገና ነው» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ «ልክ ነህ» መልሱን ደርሼ ለወረድሁ ቀን የተቀመጠች ነበረች።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ የምታውቃቸውን ታስታውሳለች ወይ የሚል ነበር። በዚያ ዓመት እናቴን ቀብሬ ስለነበር መልሱን ለመስማት የቸኮልሁትን ያህል ለምንም ነገር ቸኩዬ አላውቅም። ተቃውሞው እንዲህ ይላል፤ ማስታወስ የሥጋ ሥራ ነው፤ ያየው ዓይን፣ የሰማው ጆሮ ሲፈርስ ትዝታውም አብሮ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የሞተ ሰው ማንንም አያስታውስም። በየጠዋቱ እየሄድሁ በላቲን እወርደዋለሁ።

«ገና ነው ልጄ፤ አላመንህበትም።»

እንዴት ብዬ ልመንበት?

ክረምቱ ሳይወጣ የኔታ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ጫማቸውን የት እንዳኖሩት፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ፣ ኋላም ላቲኑን፤ እንደ አሮጌ ግድግዳ ምርጊት ከዚህም ከዚያም እየተላጠ ወደቀ። አንድ ጠዋት ስገባ አልጋቸው ላይ አጎዛውን ለብሰው ትክ ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ተቃውሞውን ወረድሁት፤ የሚፈርሰው ዓይን፣ የሚፈርሰው ጆሮ ፊት ለፊቴ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱን ቃል አመንሁበት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልክ ነህ» አሉኝ፤ አጎዛውን ሳብ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከቀብራቸው በኋላ መልሱን ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ታስታውሳለች ይላል። ላቲኑ አልከበደኝም፤ እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። እኔ ግን ልክ ነህ የተባልሁት በተቃውሞው ነው።

ገበሬው ስልኩን ተቀብሎ ሲወጣ ሽታውም ተከትሎት ወጣ። ወይራው ተቆርጧል፤ ቤቱ በነበረበት የብሎኬት አጥር ቆሟል። ተቃውሞውን ዛሬም በቃሌ እወርደዋለሁ፤ ገና ነው የሚለኝ ግን የለም።