በደፈናው የተባለልኝ አውፍ

ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ የቁርኣን አስተማሪያችን ኡስታዛ ደጃፍ ላይ ጫማ ይቆለላል። እኛ የበርበሬ በረንዳ ሴቶች፣ ታጥቦ ያልለቀቀ የበርበሬ ሽታ በእጃችን ይዘን፣ እሳቸው ዘንድ ቁርኣን ማንበብ እንቀራ ነበር።

«ቀስ በይ እንጂ! ፊደሉ እንደ ደንበኛ አይሸሽሽም» ይሉኛል።

ያኔ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ አድርገውኝ ነበር፤ አምስት ጎረቤቶቼን እሰበስባለሁ። አንድ ቀን ጠርናፊዎችን ወረዳው አዳራሽ ጠሩን።

«እናቶች፣ ሽብርን የምንከላከለው በእናንተ ነው» አለ አሰልጣኙ።

«ይሁን፤ ሻዩ ግን በእናንተ ነው» አለች ከጎኔ የተቀመጠች ሽንኩርት ሻጭ። አብራኝ ነበር የምትቀራው።

ቅጽ ታደለ፦ በሰፈሩ ውስጥ በቤቱ ሃይማኖት የሚያስተምር ማን ነው? ጓደኛዬ «አላውቅም» ብላ ጽፋ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ምስክርነት መደበቅ ሐራም ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። የኡስታዛን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ከስሩም «ቁርኣን ብቻ ነው የሚያስተምሩት፤ ደግ ሰው ናቸው» ብዬ ጨመርኩ። እውነቱ ይጠብቃቸዋል ብዬ ነው፤ ለራሴ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። ፈርቼም ነበር። አሰልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ «ጎበዝ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል» ሲለኝ ደግሞ ደስ ብሎኛል።

በሳምንቱ ኡስታዛን ወሰዷቸው። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት እንዳለ ነግረዋቸው በአራተኛው ቀን ቢመልሷቸውም ቁርኣን ማስቀራቱ ቀረ።

ለሥራ ዓረብ አገር ልሄድ ስል፣ እንደ ወጋችን በየቤቱ ዞሬ፣ ይቅር በሉኝ እያልኩ አውፍ አስባልኩ። ኡስታዛ ደጃፍ ላይ የነበረው የራሳቸው ነጠላ ጫማ ብቻ ነው።

«ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ አውፍ ይበሉኝ።»

«ካለ» ነው ያልኩት።

«አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽኝ ታውቂያለሽ? በደፈናው አውፍ ብዬሻለሁ። ያን ወረቀት የጻፈውን ግን አላህ ፊት እጠብቀዋለሁ።»

አፌ ለምዶበት «አሚን» አልኩ።

ከዚህ ሆኜ ረመዳን በመጣ ቁጥር እደውላለሁ። «ኡስታዛ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! የአምናው አለቀ እንዴ?» ብለው ይስቃሉ።

ዘንድሮ ልነግራቸው ቆርጬ ደወልኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማንበብ አቅቷቸዋል።

«አንቺ ብትኖሪ ቁጭ ብለሽ ቁርኣን ትቀሪልኝ ነበር፤ ማንንም እንዳንቺ አላምን» አሉኝ።

ብነግራቸው ያችኑ አውፍ ይወስዱብኛል ብዬ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኳቸው።