ለመሸነፍ ያስያዝኩት ዳቦ

ከክፍል አስወጥተው ሲወስዱኝ እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። ሞባይል ከሚሴ ገና ስላልገባ ወሬውን ለእናቴ ያደረሱት ተማሪዎቼ ናቸው። የታሰርኩበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ቀን ቀን ይፋጃል፣ ሽንት ይሸታል። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ የነበሩ ሽማግሌ። ለማያውቁት እንግዳ መኝታ ሰጥተዋል ተብለው ነው የታሰሩት።

ጣቢያው በቀን አንድ ዳቦ ይሰጣል። ለእኔ እናቴ በዘንቢል ትልካለች፤ የእሳቸው ቤተሰብ ግን የት እንዳሉ እንኳ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን "ይብሉ፣ አባባ" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ" አሉ።

ኩሩ ናቸው ብዬ ተውኩት።

በሳምንቱ የአንገታቸው አጥንት ወጣ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ ነኝ። ከሲጋራ ካርቶን ካርታ ሠርቼ ዩኒቨርሲቲ የለመድኩትን ፖከር አስተማርኳቸው፤ ማስያዣው ዳቦ ሆነ። እየተሸነፍኩ ላበላቸው ነበር ሐሳቤ።

መሸነፍ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ቁጥብ ተጫዋች ናቸው፤ ጥሩ ካርታ ካልደረሳቸው ይጥላሉ። ሙሉ ዳቦ ሳስይዝ፣ በሬ እንደተወደደበት ገዢ ራሳቸውን ነቅንቀው ካርታቸውን ያስቀምጣሉ፤ ዳቦው ተመልሶ ለእኔ። ስለዚህ ማሳነስ ተማርኩ። ካርታዬ የማይረባ ሲሆን ሩብ ዳቦ አስይዛለሁ። ሩብ አያስፈራቸውም፣ ይከተሉኛል። ሌላ ሩብ እጨምራለሁ። ካርታው ሲገለጥ ያሸንፋሉ፤ ያሸነፉትንም በፎጣቸው ይቋጥራሉ። ፊቴ መብላት አፍረው እኔ ስተኛ የሚበሉ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፖሊስ በሩን ከፍቶ "ዕቃህን ያዝ፣ ሌላ ቦታ ትሄዳለህ" አላቸው። ተነሥተው ቋጠሯቸውን ፊቴ ፈቱት። ያሸነፉት ዳቦ ሁሉ ደርቆ ተቀምጧል።

"ያንተ ነው፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የቁማር ዳቦ ሐራም ነው፣ እንዴት አድርጌ እበላዋለሁ?"

"ታዲያ ለምን ይጫወቱ ነበር?"

"ጨንቆህ አየሁ። ላጫውትህ ብዬ ነው፤ ለእሱም አላህ ይማረኝ።"

"እንዲሁ ስሰጥዎት እምቢ አሉኝ እኮ።"

"እምቢ መቼ አልኩ? አንዴ ብላ አልከኝ፣ ጠግቤያለሁ አልኩህ። ሁለተኛ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።"

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ አንዴ "ብሉ" ማለት ሰላምታ እንጂ ግብዣ አይደለም። እንግዳ በመጀመሪያው እምቢ ይላል፤ ባለቤቱም እንግዳው እሺ እስኪል ድረስ ምሎ ይለምነዋል። ይህን ሕፃን ሳለሁ አውቀው ነበር። በጣም አፈርኩ።

ከዘንቢሉ ትኩስ ዳቦ ቆርሼ "ወላሂ ይበላሉ። በሞቴ" አልኳቸው።

ፖሊሱ "ቶሎ በል" ይላል። ሽማግሌው አልተቻኮሉም። እጃቸውን ታጠቡ፣ ቁጭ አሉ፣ "ቢስሚላህ" ብለው ቁራሹን ቀስ እያሉ አላምጠው ጨረሱ። ከዚያ ተነሥተው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወጡ።

ስፈታ ሰንበቴ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ያያቸው የለም። ዛሬ ቤቴ የመጣ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ባለቤቴ "ሰውን በምግብ ታስጨንቃለህ" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ከእኒያ ሽማግሌ ጋር ሃያ ቀን አብረን ታስረን ያበላኋቸው አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው።